ስለ ጠጅ ታሪክ፤ ማር ከቆላ፥ ጌሾ ከደጋ

ገለጉ በምዕራብ ጎንደር የቋራ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከእርስዋ ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛ ከሱዳን ጠረፍ ይደርሳል፤ ወደ ሰሜን የሚሄድ ወደ መተማ ይወጣል፤ ወደ ምሥራቅ የሚያቀና ግን ዳገቱን ተያይዞ ወደ ጎንደርና ወደ ጣና ደጋ ይዘልቃል። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር በታች የሚገኝ ቆላ ነው። ስሙም በታሪክ የሚነሣው በሦስት ነገር ነው፤ በዐፄ ቴዎድሮስ ትውልድ፥ በመተማው ጦርነትና በሱዳን የንግድ በር። ስለ አራተኛው ሀብቱ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው፤ ይኸውም ማሩ ነው። ማር ከተነሣ ደግሞ ጠጅ ሳይነሣ አይቀርም፤ ጠጅም ከተነሣ የነገሥታቱ አዳራሽ፥ የቤተ ክርስቲያን በዓል፥ የነጋዴው ገበያና የሰካራሙ ነውር በአንድነት ይነሣሉ።

አስቀድሞ ስሙን መመርመር ይገባል። በግዕዝ ከማር የሚጠመቀው መጠጥ ሜስ ይባላል፤ ከእህል የሚጠመቀው ደግሞ ስዋ ይባላል። ሁለቱም ቃላት በትግርኛ እስከ ዛሬ ሕያዋን ናቸው። አማርኛ ግን ሜስን ትቶ ጠጅ አለ፥ ስዋንም ትቶ ጠላ አለ። ጠጅ የሚለው ስም በአማርኛ ምን ያህል እንደ ከበረ የሚታወቀው፥ ከወይን ፍሬ የሚገኘው መጠጥ እንኳ የወይን ጠጅ ተብሎ በእርሱ ስም መጠራቱን ሲያስተውሉ ነው። በሌላው ዓለም የማሩ መጠጥ በወይን ስም ሲጠራ፥ በእኛ አገር ወይኑ በማሩ መጠጥ ስም ተጠራ።

የነገሩም ጥንታዊነት በጽሑፍ ይመሰከራል። ጌታችን በተወለደበት ዘመን አካባቢ የነበረው የግሪክ የምድር ጸሐፊ ስትራቦን፥ ከእርሱ በፊት የነበሩትን ጸሐፊዎች ተከትሎ፥ በቀይ ባሕር ዳርቻ ስለሚኖሩት ሰዎች ሲናገር፥ ሕዝቡ ከአንድ የእሾህ ዛፍ የተዘፈዘፈ መጠጥ ይጠጡ እንደ ነበረ፥ ገዢዎቻቸው ግን በውሃ የተበጠበጠ ማር ይጠጡ እንደ ነበረ ጽፏል። በዚህ ቃል ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው፥ ማሩ የገዢ፥ ዛፉ የሕዝብ መሆኑ ነው፤ ይህ የማዕረግ ልዩነት በኢትዮጵያ ለብዙ መቶ ዓመታት ጸንቶ ኖሯልና። ሁለተኛው፥ ስትራቦን የጠቀሰው የእሾህ ዛፍ በዕፀዋት ሊቃውንት አከፋፈል ከቁርቁራና ከጌሾ ጋራ የአንድ ወገን መሆኑ ነው። ስለዚህ የዛሬው ጠጅ፥ በዚያ ዘመን ለየብቻ ይጠጡ የነበሩትን ሁለቱን፥ ማርንና የዚያን የእንጨት ወገን በአንድ ጋን ያገናኘ መጠጥ ይመስላል።

በአራተኛው መቶ ዓመት የነገሠው ኢዛናም የቤጃን ሕዝብ ድል ካደረገ በኋላ ባስጻፈው የድንጋይ ጽሑፍ፥ ስድስት ነገሥታት ከ4,400 ሰዎች ጋራ ተማርከው ወደ እርሱ ሲመጡ በየቀኑ 22,000 እንጀራ እንዳስቈረሰላቸው፥ መጠጥንም እንዳልነሣቸው ተናግሯል። ንጉሥ ለድል ነሺነቱ ምስክር ሲያቆም፥ ምርኮኞችን አብልቶ ማጠጣቱን ከጀግንነቱ ጋራ መቍጠሩ፥ መጠጥ በዚህ አገር ከጥንት ጀምሮ የመንግሥት ክብር መለኪያ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ቤተ ክርስቲያን ግን ከመጀመሪያው አንድ ድንበር ሠርታለች። ጠጅ ምንም ቢከብር ወደ መቅደስ ለቍርባን አልገባም። ለምሥጢረ ቍርባን የሚቀርበው የወይን ፍሬ ብቻ ነው፤ ወይን በማይገኝበትም አገር ዲያቆኑ በቤተ ልሔም ዘቢቡን በውሃ ዘፍዝፎ ጨምቆ ያቀርበዋል። ከ1512 እስከ 1518 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ የተቀመጠው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን የዘቢብ ሥርዓት አይቶ ጽፏል፤ በዚያው ጽሑፉም የማር ጠጅ በአገሩ ሁሉ የታወቀ መጠጥ እንደ ነበረ ይናገራል። እንግዲህ ሁለት ጽዋዎች ነበሩ፤ አንዱ የመቅደስ፥ አንዱ የደጀ ሰላም። ሁለቱን ያላደባለቀ ሕዝብ የጠጅን ክብርም የጠጅን ወሰንም ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ስለ ጠጅ አጣጣል በዝርዝር ከጻፉት የውጭ አገር ሰዎች መካከል ፈረንሳዊው ሐኪም ቻርልስ ፖንሴ ይገኝበታል። ይህ ሰው ታላቁን ንጉሥ ዐፄ ኢያሱን ለማከም ተጠርቶ በስናር በኩል ቆላውን አቋርጦ በ1691 ዓመተ ምሕረት ጎንደር ገባ። እንደ ጻፈውም፥ ጠጅ የሚጥሉት ሰዎች ገብሱን አብቅለው እንደ ቡና ይቈሉታል፥ ይወቅጡታልም፤ ታዶ የሚባለውንም ሥር እንዲሁ ያደርጉታል። ከዚህ በኋላ አንድ እጅ ማር በአራት እጅ ውሃ በጥብጠው፥ ብቅሉንና ሥሩን በጥቂቱ ጨምረው፥ ሙቀት ባለበት ስፍራ አኑረው አልፎ አልፎ ያማስሉታል፤ በሦስተኛውም ቀን የጠራ መጠጥ ይሆናል። ታዶ ያለው ዛሬ ጸዶ የምንለው የጌሾ ዘመድ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚያስደንቀው ብቅሉ ነው። ዛሬ በብዙ ስፍራ ብቅል የጠላ ድርሻ ነው እንጂ የጠጅ አይደለም። ፖንሴ ያየው ግን ከማርና ከገብስ ብቅል በአንድነት የተጠመቀ፥ በጠጅና በጠላ መካከል የሚቆም ብርቱ መጠጥ ነበረ። በአውሮፓም በቀደመው ዘመን የገብስ መጠጥን በማርና በፍሬ ማበርታት የታወቀ ልማድ ነበረ፤ ኋላ ግን ስኳር ሲረክስና ሆፕ የሚባለው መራራ ተክል ሲሠለጥን ማሩ ከእንስራቸው ወጣ። በኢትዮጵያ ግን ማሩ ቀርቶ ብቅሉ ወጣ፥ መራራውም ጌሾ ጸንቶ ቀረ።

ዛሬ ጠጅ የሚጣለው እንዲህ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፥ በወይራ እንጨትም ይታጠናል። አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ይበጠበጣል፤ አፉ ተከድኖ ሁለት ሦስት ቀን ይሰነብታል። በላዩ የተንሳፈፈው ሰፈፍ ተገፍፎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የተከተፈውና የተቀቀለው የጌሾ እንጨት ይጨመርበታል። ጌሾው ምሬቱን ከሰጠ በኋላ ይወጣል፤ መጠጡም እንደ አየሩ ሙቀትና ብርድ ከአንድ ሳምንት እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ይፈላል፤ በመጨረሻም በንጹሕ ጨርቅ ተጠልሎ በብርሌ ይቀዳል። ማር በውሃ ተበጥብጦ ሳይፈላ ቢጠጣ ብርዝ ይባላል፤ ብርዝ አያሰክርም።

ጠጁን የሚያፈላው ምን እንደ ሆነ የቀደሙት ባልቴቶች በዓይን ሳያዩ በልማድ ያውቁት ነበር። በ1857 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር የመጠጥ መፍላት የረቂቃን ሕያዋን ፍጥረታት ሥራ መሆኑን ማስረዳት ጀመረ። እነዚህ እርሾዎች በጌሾው እንጨትና በማሩ ላይ ያድራሉ፤ የማሩን ጣፋጭነት በልተው ወደ አልኮል ይለውጡታል። ደህና የሰነበተ ጠጅ ከመቶው ከሰባት እስከ አሥራ አንድ እጅ ያህል አልኮል ይኖረዋል፤ ይህም ከጠላ ይበልጣል፥ ከአረቄም ያንሳል። በደጋ ቀስ ብሎ የሚፈላው መጠጥ በመተማና በገለጉ ሙቀት ፈጥኖ ይደርሳል፥ ፈጥኖም ወደ ሆምጣጤነት ይለወጣል። ስለዚህ የቆላው ጠጅ ጣይ ጋኑን በጥላ፥ ከተቻለም በመሬት ቀብሮ ያኖረዋል፤ በደረሰም ጊዜ ሳያዘገይ ለጠጪው ያቀርበዋል።

ይህን ሥራ በቆላ የሚሠራ ሰው አንድ ችግር አለበት። ማሩ በደጁ ነው፥ ጌሾው ግን በደጁ አይደለም። ጌሾ ደጋና ወይና ደጋ የሚወድ ተክል ስለ ሆነ በገለጉ ሜዳ አይበቅልም፤ ከላይ ከደጋው በአህያና በመኪና ወርዶ በገበያ ይሸጣል። የቆላው ማር ደግሞ በዚያው መንገድ ወደ ጎንደር ይወጣል። እንግዲህ በአንድ ብርሌ ጠጅ ውስጥ ሁለት አገር አለ፤ ቆላው ጣፋጩን፥ ደጋው መራራውን ያዋጣሉ። አንዱ ያለ ሌላው ቢቀር ወይ ብርዝ ይሆናል፥ ወይም መራራ ውሃ ይሆናል።

የቆላው ፍሬም ብዙ ነው። ሁመር የሚባለው ኮምጣጣ ፍሬ፥ ቁርቁራው፥ ዳግመኛም ዓረቦች ተበልዲ የሚሉት፥ ግንዱ እንደ ቤት የሚሰፋው ዛፍ ፍሬ በውሃ እየተዘፈዘፉ የሐሩርን ጥም ያበርዳሉ። ከማሽላ የሚጠመቀውም መጠጥ ከጠረፉ ወዲህ ጠላ፥ ከጠረፉ ወዲያ መሪሳ ይባላል። የአገሩ ጥንተ ነዋሪዎች ጉሙዞችም ማሽላቸውን ይጠምቃሉ፥ ከጫካውም ማር ይቈርጣሉ። ስለዚህ በዚህ ጠረፍ ልዩ ልዩ ወገን በየጽዋው ሲታወቅ ኖሯል።

ይህ ልዩነት በግልጥ የታየው በመተማ ገበያ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መተማ ከዳርፉር በኩል የመጡ ተክሩሮች የሰፈሩባት፥ ሹማቸውም ለኢትዮጵያና ለግብጽ ለሁለቱም የሚገብርባት ገበያ ነበረች። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓመተ ምሕረት በዚያ ሲያልፍ ገበያዋን አይቶ ጽፏል። የጎንደር ነጋዴዎች በበጋ ወደዚያ እየወረዱ፥ ንዳዱ ሳይነሣ ከክረምት በፊት ይመለሱ ነበር። ከሚሸጡትም ነገር አንዱ ሰም ነው። ማሩ በጉንዶ፥ ሰሙ በፈረሱላ እየተለካ ይሸጥ ነበር። በገበያዋም ክርስቲያኑ ማሩን ጠጅ አድርጎ ሲጠጣ፥ እስላሙ ነጋዴ ያንኑ ማር ብርዝ አድርጎ ይጠጣ ነበር። አንድ ቀፎ ሁለት ሃይማኖትን ያስተናግድ ነበር፤ የሚለያያቸውም የጥቂት ቀን መፍላት ብቻ ነበረ።

ኋላ ግን ይህ ሰላም ጠፋ። በሱዳን የተነሣው ማህዲ መጠጥንና ትምባሆን አጥብቆ ከለከለ፤ የጠጣውን ሰው 80 ጅራፍ እንዲገረፍ አዘዘ። በኢትዮጵያ ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ ትምባሆን ከልክለው ይቀጡ ነበር፤ ጠጅን ግን አልከለከሉም። ሁለቱ መንግሥታት በመተማ በር ሲገናኙ ጠባቸው የጽዋ ጠብ አልነበረም፤ የግዛትና የሃይማኖት ጠብ ነበረ። በጥር 1880 ዓመተ ምሕረት የደርቡሽ ጦር በአቡ አንጃ እየተመራ በሳር ውሃ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ወደ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠለ። በመጋቢት 1881 ዓመተ ምሕረት ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ቈስለው ዐረፉ።

ከጎንደር አድባራት ከእሳቱ ከዳኑት አንዷ ታላቁ ኢያሱ ያሠሯት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ናት። የጎንደር ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት፥ ጠላት በደጇ በቀረበ ጊዜ የንብ መንጋ ወጥቶ አባረረው። ታሪክ ጸሐፊ ይህን እንደ ትውፊት ይቀበለዋል። ነገር ግን የዚህ ሕዝብ ትውፊት የቤተ ክርስቲያንን ዘበኝነት ለአንበሳ ወይም ለነብር ሳይሰጥ ለንብ መስጠቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ንብ ለመቅደሱ ጧፍ ሰሙን፥ ለበዓሉ ጠጁን የሚሰጥ ፍጥረት ነውና። የቅኔ ሊቃውንትም የቃሉን ላይኛ ፊት ሰም፥ ምሥጢሩን ወርቅ ያሉት፥ አንጥረኛ የወርቁን መልክ የሚያወጣው በሰም መሆኑን አይተው ነው።

ከዚህ በኋላ በግንቦት 1894 ዓመተ ምሕረት በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል ድንበሩ ተወሰነ፤ መተማ ወዲህ፥ ገላባት ወዲያ ቀረች። በጥቅምት 1933 ዓመተ ምሕረት በእንግሊዝና በኢጣልያ ጦር መካከል ውጊያ የተደረገባቸው እነዚሁ ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው። በመስከረም 1976 ዓመተ ምሕረት ደግሞ የሱዳን መንግሥት በሸሪዓ ሕግ መጠጥን በአገሩ ሁሉ ከለከለ። ሕጉ ለእስላም ላልሆኑት የላላው በሐምሌ 2012 ዓመተ ምሕረት ነው። በእነዚህ ዓመታት ከወዲያ የተከለከለው ከወዲህ የሚሸጥ ስለ ሆነ፥ መጠጥ ፈላጊው ድልድዩን ተሻግሮ ወደ መተማ ይመጣ ነበር። የጠረፉ ከተማ በዚህ ገንዘብ አገኘ፤ ነገር ግን ጠጅ የእንግዳ ክብር መሆኑ ቀርቶ የመንገድ ዳር ሸቀጥ ወደ መሆን አዘነበለ፤ ቢራና አረቄም ከጎኑ ተሰለፉ።

እዚህ ላይ ነገሩ ከታሪክ ወደ ዛሬው ኑሮ ይሻገራል። ጠጅ የገዢዎች በነበረበት ዘመን የሚጠጣው በቀን፥ በሰዓትና በማዕረግ ነበረ። አሳላፊው ይቀዳል፥ ቀምሶም ያቀርባል፤ ጽዋው የሚዞረው ግብር ሲበላ፥ ዝክር ሲዘከር፥ ማኅበር ሲጠጣ ነው። ያ ሥርዓት ድኻውን ከማሩ ማራቁ እውነት ነው፤ በዚህም አይመሰገንም። የሚመሰገነው መጠኑን ማስጠበቁ ነው። ዛሬ የማዕረጉ አጥር ፈርሷል፥ መፍረሱም መልካም ነው፤ ነገር ግን መጠኑ አብሮ ፈርሷል። ቅዱሳት መጻሕፍት የወይንን ደስታ ሳይነቅፉ ስካርን ይነቅፋሉ፤ ፍትሐ ነገሥትም ካህን ከስካር እንዲርቅ ያዝዛል።

ሁለተኛው ጕዳት በማሩ ላይ የደረሰው ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘች አገር ናት፤ ከማሯም የሚበዛው እጅ ወደ ጠጅ ጋን ይገባል። ይሁን እንጂ ማር ሲወደድ ስኳር በማር ስፍራ የሚጨምሩ ሻጮች በየከተማው ተነሡ። ስኳርም በጌሾ ይፈላል፥ ያሰክራልም፤ በቀለምም ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጠጅ ተብሎ የተሸጠ የስኳር ውሃ በሚዛን እንደ ማጭበርበር ያለ ኀጢአት ነው፤ ገዢውን ያታልላል፥ ንቡን ያረባውንም ገበሬ ገበያ ያሳጣዋል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የጫካው ነገር ነው። የመተማና የቋራ ቆላ የዕጣን ዛፍ አገር ነው። ንቡ አበባውን የሚቀስመው፥ ዕጣን ቈራጩም ግንዱን የሚፍቀው በአንድ ጫካ ነው። በዚያው ቆላ ጥጥ ይበቅላል። እንግዲህ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በቅዳሴ ጊዜ የሚጤሰው ዕጣን፥ የሚበራውም ጧፍ ከነሰሙና ከነፈትሉ ከእንዲህ ያለ አገር ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን ለሰሊጥና ለጥጥ ሰፊ እርሻ፥ ዳግመኛም ከ1995 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ከደጋ ለመጡት ሰፋሪዎች መሬት ሲመነጠር ጫካው ሳስቷል። ሰፋሪው የተራበ ወገን ስለ ሆነ በእርሱ መፍረድ አይገባም፤ ሰሊጡም ለአገር ገንዘብ ያመጣል። ሆኖም ዛፉ ሲወድቅ ቀፎው የሚሰቀልበት ያጣል፥ ንቡም አበባ ያጣል። በ1998 ዓመተ ምሕረት 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ምድር የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ በቋራ መከለሉ ለዚህ ችግር አንድ መልስ ነው፤ በሱዳን በኩል ካለው የድንድር ፓርክም ጋራ ይዋሰናል። መከለል ግን ብቻውን አይበቃም፤ በዙሪያው ያለው ገበሬ ከቆመ ዛፍ የሚያገኘው ጥቅም ከተቈረጠ ዛፍ ከሚያገኘው ካልበለጠ፥ ምሳር ከድንበር ምልክት ይበረታል።

ለዚህም የሚሆነው መድኀኒት ከራሱ ከጠጁ ታሪክ ይገኛል። ማር ዋጋ ካለው ንብ ዋጋ አለው፤ ንብ ዋጋ ካለው ዛፍ ዋጋ አለው። ስለዚህ ለበዓሉ ጠጅ የሚያዝዝ የማኅበር አባት ማሩ ንጹሕ እንደ ሆነ ቢጠይቅ፥ የደብር አለቃ የቤተ ክርስቲያኑን ጧፍ ከንብ ሰም ቢያሠራ፥ የከተማው ሰው በስኳር የተጣለውን በርካሽ ከመጠጣት ጥቂቱን እውነተኛ ቢመርጥ፥ እያንዳንዱ በሩቅ ቆላ ያለ አንድ ዛፍ እንዲቆም ያደርጋል። በአጥቢያው ያሉ ካህናትም የቤተ ክርስቲያን አጸድ ዛፍን እንዴት እንደሚጠብቅ ለብዙ ዘመን ያሳዩ ስለ ሆኑ፥ ይህን ምክር ለገበሬው ለመስጠት ከሌላው ይልቅ እነርሱ ተገቢ ናቸው። በአጸዱ ውስጥ ቀፎ ቢሰቅሉ ደግሞ ምክራቸው በሥራ ይታያል፤ ሰሙም ለመቅደሱ፥ ማሩም ለነዳያን ይተርፋል።